ስልክ በኪስ፣ ፊልም ካሜራ በእጅ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

ፊልም ካሜራ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ያው ተመሳሳይ ነው። አብዛኛውን እኔም በጊዜዬ ጠይቄዋለሁ፤ አንዳንዱን የመለሰልኝ ግን የተቃጠለ ፊልም ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ስለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ በብዛት ሰው እጅ የሚገባው እሱ ስለሆነ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስልኬ ጥርት ያለ ፎቶ እያነሳ ፊልም ካሜራ ምን ይሠራልኛል?

በጥርት ማለት ከሆነ ስልኩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ በተለይ ማታ። በዚህ አልከራከርም። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ያለዎት 36 ፎቶ ነው፤ 37ኛው ከተገኘ ምራቂ ነው። ያነሱትን ወዲያው አያዩትም፣ መሰረዝ የለም፣ ስለዚህ ውሳኔው ሁሉ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ማለቅ አለበት። ይህ የሚያናድድዎት ከሆነ ፊልም ለእርስዎ አልተሠራም ማለት ነው፤ ነውር የለውም።

ዛሬም አዲስ ፊልም ካሜራ ይመረታል? ፊልሙስ ከገበያ አይጠፋም?

ይመረታል፤ ዓይነቱ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሌይካ ኤም6ን በ2022 እንደገና ማምረት ጀመረ። ፔንታክስ በ2024 ፔንታክስ 17 የሚባለውን አወጣ፤ የአንዱን ፎቶ ቦታ ለሁለት ስለሚከፍለው ከባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ይወጣል። ካሜራውን እንደወትሮው አግድም ሲይዙት ፎቶው ግን ልክ እንደ ስልክ ቁመቱ ረዘም ብሎ ይወጣል። ከዚህ ውጭ ብዙ ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው። ካኖን ኤኢ-1 እና ፔንታክስ ኬ1000 ሁለቱም የ1976 ካሜራዎች ናቸው፤ አሁንም ድረስ ጀማሪ እጅ ላይ አይጠፉም። «አዲሱ ካሜራዬ» የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ከእሱ ዕድሜ የሚበልጥ ዕቃ ነው።

ስለ ፊልሙ፣ የጠፋም የተመለሰም አለ። በ1935 የወጣውን ኮዳክሮም ኮዳክ በ2009 ማምረት አቆመ፤ እጥበቱም በ2010 መጨረሻ ከዓለም ቀረ። ዛሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልተነሳበት ኮዳክሮም ቢያገኙ በቀለሙ የሚያጥብልዎ ፎቶ ቤት የለም። ኤክታክሮም ደግሞ ከተቋረጠ በኋላ በ2018 ተመልሷል። ለጀማሪ የሚሆኑት የቀለምና የጥቁርና ነጭ ፊልሞች በመመረት ላይ ናቸው፤ በዚህ በኩል እንቅልፍ አይጡ።

ያገለገለ ካሜራ ስገዛ ፊልም ሳላስገባ ምን ልፈትሽ?

የኋላ በሩን ይክፈቱና ከውስጥ በኩል በሌንሱ አሻግረው እያዩ ቁልፉን ይጫኑ። መጀመሪያ ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርገው፤ «ቀጭ» ብሎ ተከፍቶ፣ ቆይቶ መዘጋት አለበት። ቀጥሎ እያፈጠኑ እስከ 1/1000 ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ የብርሃን ብልጭታ ካላዩ ሻተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) በቅጡ አይከፈትም። ቀርፋፋው ፍጥነት ላይ ተከፍቶ ተንገራግጮ የሚቀር ካሜራ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው።

ከዚያ የበሩን ጠርዝ በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉ። ብርሃን እንዳያስገባ የተለጠፈ ጥቁር ስፖንጅ አለ። ዕድሜ ሲጫነው እንደ ሬንጅ ይልመጠመጣል፤ ጣትዎ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ስፖንጁ መቀየር አለበት። ርካሽ ሥራ ነውና በዚህ ብቻ ጥሩ ካሜራ እንዳያመልጥዎት።

የባትሪውን ቤት ከፍተው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ይፈልጉ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ሲያዩ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየዎት ሻጋታ ነው፤ ያንን ይተዉት። አንድ ነገር ልጨምር፦ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ያ ባትሪ ዛሬ አይሸጥም። በምትኩ 1.5 ቮልት ካስገቡ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ይሠራል፤ ግን ልኩን ላይናገር ይችላል። በስልክ የብርሃን መለኪያ አፕ እያስተያዩ ምን ያህል እንደሚሳሳት አንዴ ካወቁት ይበቃል።

የመጀመሪያ ፊልሜ የትኛው ይሁን?

ባለ 400 አይኤስኦ ኔጋቲቭ። አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ቁጥር ነው፤ ኔጋቲቭ ደግሞ ብርሃኑና ጥላው ተገልብጦ የሚወጣበት ፊልም። ቀለምም ሆነ ጥቁርና ነጭ፣ እንደ ምርጫዎ። 400 ቀን ውጭም ይሠራል፣ ደመና ሲሆንም አያሳፍርም፣ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብም ያወጣዎታል። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ታጋሽ ነው፤ አንድ ሁለት ደረጃ (አንዱ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ቢያበዙበት እንኳ ፎቶ ይወጣዋል። ሲያንስበት ግን አይምርም፤ ጥላው ውስጥ ያልገባ ነገር በኋላ በምንም ዓይነት ስካን አይመጣም። ስላይድ ፊልም (ፎቶው ሳይገለበጥ በቀጥታ የሚታይበት) በተቃራኒው ብርሃን ሲበዛበት ወዲያው ይነጣበታል፣ ትንሽ ስሕተትም አይችልም። እሱን እጅዎ ካመነ በኋላ ይሞክሩት። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ለጥቁርና ነጭ፣ ኮዳክ ጎልድ 200 ደግሞ ፀሐይ ባለበት ለቀለም፣ ጀማሪን ብዙም የማያስለቅሱ ናቸው።

ፊልሙ በትክክል መግባቱን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም በላይ ልብ ብለው ቢያነቡ የምወደው ይኼን ነው።

የመጀመሪያ ፊልሜን የጫንኩት ለአንድ የቤተሰብ ዝግጅት ነበር። ቆጣሪው 36 አለ። ቀጠልኩ፤ 37፣ 38፣ 39። «ምራቂው በዛ!» ብዬ ደስ ብሎኛል። 41 ላይ ነው የደነገጥኩት። በሩን ስከፍተው ፊልሙ እንዳስገባሁት ከነጫፉ ተቀምጧል፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጫፉ ፊልሙን የሚጠቀልለውን ዘንግ ስላልያዘው ፊልም ማሳለፊያውን ማንሻ በሳብኩ ቁጥር ካሜራው ባዶውን ሲዞር ነው የዋለው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የማንሻውን ጉዞ እንጂ የፊልሙን አይደለም። ዘመድ አዝማድ ፎቶውን እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ጥላ ቦታ ቆመው በሩን ይክፈቱ። ፊልሙን በግራ በኩል አስቀምጠው ጫፉን በቀኝ ባለው ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ያስገቡ። በሩን ሳይዘጉ ማንሻውን አንዴ ይሳቡና በፊልሙ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ ያሉት ቀዳዳዎች ሁለቱም ጥርሶቹ ላይ ቁጭ ማለታቸውን በዓይንዎ ይዩ። በሩን ይዝጉ። በስተግራ ከላይ ያለውን መጠቅለያ ቀስ አድርገው በቀስቱ አቅጣጫ ያዙሩት፤ የላላው ፊልም ተወጥሮ ሲይዝዎት ያቁሙ። አሁን ማንሻውን ሲስቡ ያ መጠቅለያ ራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር አለበት። ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ይክፈቱና እንደገና ይጀምሩ፤ የሚቃጠለው ጥቂት ጣት ፊልም ነው፣ ካልከፈቱት የሚቃጠለው ግን የሙሉ ቀን ሥራ ነው።

ቆጣሪው 1 ላይ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ በባዶው ያንሱ። እኔ ዛሬም፣ ይህን ያህል ዘመን ቆይቼ፣ በየሦስት አራት ፎቶው መጠቅለያውን በዓይኔ ጨረፍ አደርጋለሁ።

አይኤስኦውን መሀል ላይ መቀየር እችላለሁ?

አይችሉም። ፊልሙ ሲመረት የተሰጠው ነው። ብዙዎቹ የኋለኛ ዘመን ካሜራዎች ከ1983 ጀምሮ በመጣው የዲኤክስ ኮድ አማካይነት ከፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ራሳቸው ያነባሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ከሆነ ቁጥሩን በእጅዎ ይሙሉ። ባለ 400 ፊልም ገብቶ መዘውሩ 100 ላይ ከቀረ ፎቶው ሁሉ በሁለት ደረጃ ብርሃን ይበዛበታል። ኔጋቲቭ ከሆነ ይተርፋሉ። መዘውሩ 1600 ላይ ቀርቶ ከሆነ ግን በዚያው ልክ ያንሰዋል፤ ለሚያጥብልዎ ሰው አስቀድመው ይንገሩት፣ እጥበቱን አራዝሞ የሚቻለውን ያህል ያድነዋል።

የካሜራዬ የብርሃን መለኪያ አይሠራም። ተስፋ ልቁረጥ?

በጭራሽ። ሜካኒካል ካሜራ ከሆነ ባትሪ የሚፈልገው ለመለኪያው ብቻ ነው። ለፀሐይ የቆየ ዘዴ አለ፦ ጥርት ያለ ፀሐይ ሲሆን ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ያድርጉና የሻተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር ያቀራርቡት። ባለ 400 ከሆነ 1/500። ፀሐይዋ ስስ ደመና ካለበሰች ኤፍ 11፤ ሰማዩ ከተሸፈነ ኤፍ 8፤ ደመናው ከጠቆረ ኤፍ 5.6፤ ጥላ ውስጥ ኤፍ 4። ቤት ውስጥ ማታ በአምፖል ግን ግምት አይሠራም፤ ኤፍ 2 እና 1/30 አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም የስልክ መለኪያ ይጠቀሙ።

የሚሠራ መለኪያ ያለዎትም ቢሆን አንድ ጠባዩን ይወቁ፦ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ሰው መስኮት ጀርባ አድርጎ ሲቆም መለኪያው የመስኮቱን ብርሃን አይቶ «በዛ» ይላል፤ ፊቱ ይጠቁራል። መድኃኒቱ መራመድ ነው። ፊቱ አጠገብ ድረስ ይሂዱ፣ ፊቱ ብቻ እንዲታይ አድርገው ይለኩ፣ ቁጥሩን ሳይነኩ ወደ ቦታዎ ይመለሱና ያንሱ።

ካነሳሁ በኋላ እጄ ሁልጊዜ ካሜራውን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። እንዴት ልላቀቅ?

ሁላችንም አድርገነዋል፤ ባዶ ቆዳ ላይ ማፍጠጥ! ያ ልማድ በአንድ ሁለት ፊልም ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የማይጠፋው ከጀርባው ያለው ነው፦ ስሕተትን አይቶ ወዲያው የማረም ልማድ። ዲጂታል ላይ የሚማሩት ከስክሪኑ ነው። እዚህ ፎቶው የሚመጣው ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ነው፤ ያኔ ምን አድርገው እንደነበር ከረሱት ከፎቶው የሚማሩት የለም።

ስለዚህ የስክሪኑ ምትክ ማስታወሻ ደብተር ነው። በኪስ የምትገባ፣ እርሳስ የታሰረባት። ከእኔ ደብተር አንድ መስመር ልጥቀስ፦ «14፦ ልጅቷ በር ላይ፣ ጥላ፣ ኤፍ 4፣ 1/125፣ ፎከስ ዓይኗ ላይ (ይመስለኛል)»። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ 14ኛው ላይ ጥርት ብሎ የወጣው ዓይኗ ሳይሆን ከኋላዋ ያለው የበር እጀታ ነበር። ያቺ «ይመስለኛል» የምትል ቃል ከብዙ ትምህርት በላይ ጠቅማኛለች፤ ከዚያ ወዲህ «ይመስለኛል» ካልኩ አላነሳም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች ለካሜራው እንጂ ለፎቶው አይመድቧቸው። አንድ ሌንስ፣ አንድ ዓይነት ፊልም። ዓይነት እየቀያየሩ ከሄዱ ፎቶው ሲበላሽ ጥፋቱ የፊልሙ ይሁን የእጅዎ አያውቁትም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ሕፃን ተወለደ ሲባል ፊልሙን ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ፤ የእኔን 41 ፎቶ ያስታውሱ።

ስለ ቁጠባም ይጠይቁኛል። 36ቱን ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ግን ከመጠን በላይ መሰሰትም ጉዳት አለው። አንድ ፊልም ስምንት ወር ካሜራ ውስጥ ያቆየ ሰው አውቃለሁ። ሲታጠብ የመጀመሪያዎቹ የት እንደተነሱ እንኳ አላወቃቸውም።

ፎቶዎቼ ብዥ ይላሉ። ካሜራው ነው እኔ ነኝ?

ብዙ ጊዜ እርስዎ ነዎት፤ ሁለት ዓይነት ብዥታ ስላለ ግን ይለዩት። አንዱ ነገር ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ የፎከስ ስሕተት ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ እጅዎ ተንቀጥቅጧል። ለእጅ መንቀጥቀጥ የሻተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር አይነስ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ ከ1/60 አይውረዱ። የስልክ ካሜራ እንቀጥቃጤዎን ሲያርምልዎት ኖሯል፤ ይኼኛው አያርምም።

መንገድ ላይ ለሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ አስቀድመው ርቀቱን ይሙሉ። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱን 3 ሜትር ላይ ካደረጉት ከ2 እስከ 7 ሜትር አካባቢ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማነጣጠርና መጫን ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ ከአውቶፎከስም ይፈጥናሉ።

በሩን ሳላስበው ከፈትኩት! ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ?

ዝጉት፣ አሁኑኑ። በቅጽበት ከተዘጋ ሁሉም አይጠፋም። በግልጽ ብርሃን ያገኘው ሁለት ሦስቱ ሲሆን፣ ተጠቅልሎ ከስር ያለው በላይኛው ስለሚሸፈን ጠርዙ ብርቱካናማ ሆኖ ሊተርፍ ይችላል። ገና ያልተነሳበት ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አንዳንድ አውቶማቲክ ካሜራዎች ደግሞ ፊልሙን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አውጥተው እያነሱ ወደ ቆርቆሮው ስለሚመልሱት የተነሳው ይድናል፣ የሚቃጠለው ያልተነሳው ነው። ሁለት ሦስት ፎቶ በባዶው አሳልፈው ሥራዎን ይቀጥሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ ምን ላድርግ?

ማንሻው ከብዶ ካስቆመዎት በኃይል አይሳቡ፤ ፊልሙ ይቀደዳል። ከካሜራው ሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነው መጠቅለያውን በቀስቱ አቅጣጫ ያዙሩ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በመጨረሻ «ጠቅ» ብሎ ድንገት ይለቅና ይቀልላል። ያኔ ብቻ ይክፈቱ። ቆርቆሮው ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። እስኪያሳጥቡት ከሙቀት ያርቁት፤ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር የተረሳ ፊልም ቀለሙ ይዛባል።

የት ላሳጥበው? ራሴስ ማጠብ እችላለሁ?

የቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠብበት ሂደት ሲ-41 ይባላል፤ የኬሚካሉ ሙቀት 37.8 ዲግሪ ሆኖ የመጀመሪያው መታጠቢያ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይፈጃል። ሙቀቱ ዝቅ ከፍ ካለ ቀለሙ ይዛባልና መጀመሪያ ለፎቶ ቤት ይስጡት። ጥቁርና ነጭ ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ፣ ብርሃን በማያስገባ ታንክ፣ በቤትዎ ማጠቢያ ገንዳ ይሆናል። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ታንኩ ውስጥ እስኪያስገቡ ብቻ ነው፤ ያንንም በማይፈለግ ፊልም መብራት አብርተው፣ ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ይለማመዱት።

ፎቶ ቤት ሲሰጡ ሁለት ነገር ይናገሩ። አንደኛ፣ «ኔጋቲቩን መልሱልኝ»። ስካን አድርገው ኔጋቲቩን የሚጥሉ አሉ፤ እናት ፋይሉ ግን እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ስካኑ በምን ያህል እንደሆነ ይጠይቁ። በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበብ የነጥብ ብዛት) አንዱ ፎቶ ወደ 3400 በ2270 ፒክስል ይመጣል፤ ለመካከለኛ ህትመት ይበቃል።

ፎቶው ተበላሽቶ መጣ። ጥፋቱን እንዴት ልለየው?

ስካኑን ትተው ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ያንሱት፤ የሚናገረው እሱ ነው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ከፋብሪካ የታተሙ ቁጥሮችና ፊደላት አሉ፤ የሚታዩት ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ቁጥሮቹ በደንብ ታይተው መሀሉ ባዶ ከሆነ እጥበቱ ደህና ነው፣ ፊልሙ ብርሃን አላየም፤ ወይ አልያዘም፣ ወይ ሻተሩ አልተከፈተም። ቁጥሮቹም ከሌሉ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ከሆነ ፊልሙ ተቃጥሏል።

ኔጋቲቩ ስስና የሚያሳልፍ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ሰው ስካኑ ላይ የሚያየው ያ ጭቃ የመሰለ ጥቁርና ብጥርጥር ያለ ነጥብ ከዚህ ይመጣል። ድፍን ጥቅጥቅ ካለ በዝቶበታል። ከቀዳዳዎቹ በኩል የሚገባ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ጭረት በየፎቶው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ካለ ያ ያልቀየሩት ስፖንጅ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ፊልሜን ያበላሸዋል?

በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ወደ ዕቃ ማጓጓዣው የሚገባው ሻንጣ የሚያልፍበት ማሽን ኃይለኛ ነው። አሁን በየቦታው እየገቡ ያሉት የሲቲ ስካነሮች ለፊልም ከድሮው ማሽን ይከፋሉ። ፊልሙን በሚያሳይ ላስቲክ ለይተው በእጅ እንዲፈተሽልዎ በትሕትና ይጠይቁ። ካሜራው ውስጥ የገባም ካለ እሱንም።

ቀኑ ያለፈበት ፊልም ሰጡኝ። ልጠቀምበት?

ለጨዋታ ያህል ብቻ። በየ10 ዓመቱ አንድ ደረጃ ብርሃን ይጨመርለት የሚል ልማድ አለ፤ አቀማመጡ ሞቃት ከነበረ ግን ያም አያድነውም። የራስዎን አዲስ ፊልም ፍሪጅ ካስቀመጡት፣ ከመክፈትዎ በፊት ከነማሸጊያው ጥቂት ሰዓት ውጭ ይቆይ፤ አለዚያ ላብ ይይዘዋል።

ዲጂታሉን ጨርሼ ልተወው?

ለምን ብለው? ከሁሉ የተሻለ አስተማሪዎ እሱ ነው። ዲጂታሉን አይኤስኦ 400 ላይ ቆልፈው፣ ሁሉንም በእጅ አድርገው፣ ስክሪኑ ላይ ወረቀት ለጥፈው ለሁለት ሳምንት ይሥሩ። ከመጫንዎ በፊት ኤፍና ፍጥነቱን በግምት ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ማታ ወረቀቱን አንስተው ያስተያዩ። ግምትዎ ከአሥሩ ሰባቱን ሲመታ ፊልሙን ያስገቡ።